ዳኘን ማን ያምጣው

ሾኔ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመንፈስ ልጄ ለሆሴዕ፣

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። አቢጋኤልን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጆሮዬ ግን ጥሎኝ ሄዷል። ልጄ ራሄል እዚሁ ሾኔ ሐኪም ዘንድ ወስዳኝ ነበር። ሐኪሙ በትንሽ መብራት ውስጡን ሲያይ ሲያይ ቆይቶ አንድ ነገር ነገራት፤ እሷም ጆሮዬ ሥር መጥታ "ዕድሜ ነው ይላል" ብላ ጮኸችብኝ። ይህን ለማወቅ መብራት አያስፈልግም ነበር። ስለዚህ በስልክ አትድከም። ራሄል አንሥታ ለእኔ እስክታደርሰው ወሬው ግማሹ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ጻፍልኝ፤ ዓይኔ ገና አልከዳኝም። ከሆሳዕና የሚመጡት የሚኒባስ ሾፌሮች የራሄልን ሱቅ ያውቁታል።

የማነጽ ክፍሉን ካስረከብኩህ በኋላ መመሪያው የት እንዳለ ጠይቀኸኛል። መመሪያ ነበረው፤ እኔ ግን አንብቤው አላውቅም። አዲስ ያመነ ሰው መጀመሪያ ላይ ሞቅ ብሎት ይቆማል፣ ቆይቶ ይወድቃል። ሲወድቅ ቤቱ ትሄዳለህ። ሥራው ይኸው ነው፤ የቀረው ስብሰባ ነው። አጥቢያ ያለችው ምእመንን እንድታንጽ ነው። ዝማሬማ በሬዲዮም አለ።

አሁን ደግሞ አንተ የእኔን ጥያቄ መልስ። የዳኘ ሦስት ወር በመስከረም አልቋል። ከማን ጋር ሄድክ? እኔ በሌለሁበት ሥርዓቱ እንዳይጠፋብህ ልድገምልህ። በአባቱ ለቅሶ ላይ ከዘመዶቹ ጋር አረቄ ጠጣ፤ አጥፍቷል፣ እሱም አልካደም። ከጌታ እራት ታግዶ በኋለኛው ወንበር እንዲቀመጥ የነገርነው አንተና እኔ ነን። ጊዜው ሲያልቅ የነገሩት ሰዎች ቤቱ ይሄዳሉ፣ ከማዕዱ ይበላሉ፣ ይጸልያሉ። ከዚያ የጌታ እራት በሚቆረስበት እሁድ ግራና ቀኝ እጁን ይዘው ከኋላ ወደ ፊት ያመጡታል። የታገደ ሰው በራሱ ተነሥቶ አይመጣም፤ ያፍራል። ሥርዓቱ የወጣውም ለዚያ እፍረት ሲባል ነው።

ከማን ጋር እንደሄድክና ምን እንዳበሉህ ጻፍልኝ። የሚስቱን የትርፊትን ቆጮ ሳትቀምስ ሄጃለሁ እንዳትለኝ።

አባትህ፣
ዋለ

---

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዋለ፣

በጌታችን ስም የከበረ ሰላምታዬን ከነመላ ቤተሰቤ አቀርባለሁ። ስለ ጆሮዎ በጸሎት እያሰብንዎት ነው። ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል፤ መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የፈተና ሳምንት ስለነበር ትምህርት ቤት ተይዤ ነው።

የአጥቢያችን አገልግሎት በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል። የጥምቀት ተማሪዎች ቁጥር በጣም ስለጨመረ ወንበር አልበቃ ብሎ ግማሾቹ ውጭ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። በጥር ወር ለሚደረገው ኮንፈረንስ ዝግጅት ተጀምሯል። ከአዲስ አበባም ከዱራሜም እንግዶች ይመጣሉ። የእኛ ክፍል የእንግዶች ማረፊያና የምግብ ኃላፊነት ተሰጥቶታል፤ ምክንያቱን ጠይቄ የማነጽ ክፍል ብዙም ሥራ ስለሌለበት ነው ተባልኩ። ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ እንከራይ ወይስ እንግዛ በሚለው ላይ ሽማግሌዎች እስካሁን አልተስማሙም። እርስዎ ቢኖሩ በአንድ ቃል ይጨርሱት ነበር።

ዳኘ ደህና ነው። ባለፈው ማክሰኞ በጋሪው የገብስ ጆንያ ጭኖ ወደ ከተማ ሲገባ አግኝቼው ሰላምታ ተለዋውጠናል። ጉዳዩን በተመለከተ፣ ውሳኔውን የነገርነው እርስዎና እኔ በመሆናችን፣ እርስዎ ሲመለሱ አብረን ብንሄድ ሥርዓቱ የተሟላ ይሆናል በሚል አቆይቼዋለሁ። መቼ እንደሚመለሱ ቢያሳውቁኝ።

አክባሪዎ፣
ሆሴዕ

---

ሾኔ፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሆሴዕ ልጄ፣

እንዴት ነህ? ቤት እንዴት ነው? ስለ ሞንታርቦው ከጠየቅኸኝ፣ ተከራዩ። ደንቆሮ ነው የሚመክርህ፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።

"ዳኘ ደህና ነው፣ በጋሪው ላይ አየሁት" አልከኝ። የጠየቅኩህ ስለ ፈረሱ አይደለም። ሰላም ስትባባሉ ምን አለህ? አንተስ ምን አልከው? ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ቆመ ብለህ አልፈኸዋል፣ አይደለም? አውቅሃለሁ። ልጅ ሆነህ ጥፋት ስታጠፋም ስለ አየሩ ታወራ ነበር።

እኔን አትጠብቅ። ራሄል ከክረምት በፊት አለቅህም ብላለች፤ ጉልበቴም ከእሷ ጋር ተማክሯል። ሽማግሌው ማቲዎስ አለልህ፤ እሱን ይዘህ ሂድ። የነገሩት ሰዎች ይሂዱ የተባለው ሰውየው ፊታቸውን ስለሚያውቅ ነው እንጂ፣ ከሁለት አንዱ ሾኔ ከሄደ ሰውየው ደጅ ላይ ይቀራል ለማለት አይደለም።

ዳኘ ሲያምን ታስታውሳለህ? አማርኛው አልቀና ስለሚለው በሃዲይኛ ነበር የሚጸልየው፣ አጥር ላይ ተደግፎ ጎረቤቱን እንደሚያናግር። ወጣቶቹ ይስቁ ነበር። እኔ ግን እሱ ከጸለየ በኋላ ሲደርሰኝ የራሴን ጸሎት አሳጥር ነበር፤ ረጅሙ ሁሉ ማስመሰል መስሎ ይታየኝ ጀመር። ገና ሦስት ዓመቱ ነው። እንሰት እንኳን በልጅነቱ ከቦታው ተነቅሎ ሲተከል ሥር እስኪይዝ ሰው ያየዋል።

ትርፊትስ ትመጣለች? ስለ እሷ አንድም ቃል አልጻፍክልኝም።

ዋለ

---

ሆሳዕና፣ ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዋለ፣

የጌታ ጸጋና ሰላም ይብዛልዎ። ዛሬም በይቅርታ ነው የምጀምረው። ከኮንፈረንሱ ዝግጅት የተነሣ ቤቴን እንኳ በወጉ አላየሁትም፤ አቢጋኤል "እንግዳ ማረፊያ ስታዘጋጅ ለራስህም አንድ አልጋ ያዝ" ብላ ታሾፍብኛለች።

ስለ ሰላምታው የገመቱት ልክ ነው። ስለ ዝናቡ ነው ያወራነው።

ማቲዎስን አነጋግሬው ነበር። የተጸጸተ ሰው ራሱ ይመጣል፣ እኛ ደጁ ድረስ ከሄድን ቅጣቱን ማቅለል ይሆናል አለ። ሁለት ሽማግሌዎችም ሐሳቡን ደገፉ። እኔ ልከራከር ይገባኝ ነበር፤ አልተከራከርኩም። ዳኘ የእገዳውን ሦስት ወር አንድ እሁድ ሳይቀር ከኋላ ተቀምጦ ጨርሷል። ከጥቅምት ወዲህ ግን አልመጣም። ለትርፊት በእሷ ላይ የተወሰነ ነገር ስለሌለ በሩ ክፍት ነው። ያኔም ከሴቶቹ ጋር መቀመጥ ስትችል ከእሱ ጋር ከኋላ ትቀመጥ ነበር። አሁን እሷም አትታይም። ለምን እንደቀረች የጠየቃት ሰው መኖሩን አላውቅም። እኔ አልጠየቅኳትም።

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ። በየሳምንቱ ልሄድ እነሣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ብሄድ ኖሮ ቀላል ነበር። አሁን በቆየሁ ቁጥር ምን ብዬ እንደምገባ ግራ ይገባኛል። ከኮንፈረንሱ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ይህ ይሆናል፤ ቃል እገባልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሆሴዕ

---

ሾኔ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሆሴዕ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ። ትናንት ገበያ ላይ አንድ የሌሞ ሰው አገኘሁ፤ ከእናንተ አካባቢ እህል ጭኖ የመጣ ነው። ዳኘ ፈረሱን ሸጧል አለኝ። ጋሪውንም ከፈረሱ ጋር። ከደላላ ጋር እየተነጋገረ ነው፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊወጣ ነው አለኝ። ጮክ ብሎ ስለነገረኝ ገበያው ሁሉ ሰምቷል፤ እኔም ሰምቻለሁ።

ያን መንገድ ታውቀዋለህ። ከእኛ ቀበሌ የወጡትን፣ የደረሱትንም ያልደረሱትንም ታውቃቸዋለህ። ሌላው ሲሄድ እንኳ አጥቢያው እጅ ጭኖ ጸልዮ ይሸኘዋል። ይህ ሰው ሳንጸልይለት፣ እንደ ታገደ ሊሄድ ነው።

ከኮንፈረንሱ በኋላ ብለሃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። ማቲዎስ እምቢ ካለ አቢጋኤልን ይዘህ ሂድ። እሷም እምቢ ካለች ብቻህን ሂድ። ምን ብዬ ልግባ አትበለኝ፤ "ዘግይቻለሁ" ብለህ ግባ። ይህን ደብዳቤ አጥፈህ ኪስህ ሳትከት ተነሣ።

ዋለ

---

ሆሳዕና፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ጋሼ ዋለ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጆሮዎ እንዴት ነው? ራሄል ደህና ናት? ሾኔ ላይ ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ኮንፈረንሱ በሰላም ተጠናቋል። ሕዝቡ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ብዙዎች እጃቸውን አንሥተው ጌታን ተቀብለዋል። ምግቡ በቅቷል፤ እንግዶቹ አመስግነው ሄደዋል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ቀጥሎ ያለውን ላለመጻፍ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሐሙስ ነበር። በዚያው ቀን አልሄድኩም። እንግዶቹ ሊገቡ የቀራቸው ጥቂት ስለነበር፣ ሰውየውም በአንድ ሳምንት የትም አይደርስም አልኩ። የሄድኩት ኮንፈረንሱ ባለቀ ማግስት ነው። ዳኘ የሄደው ግን ኮንፈረንሱ በተከፈተበት ቀን ነው። ሞያሌ የሚወስዳቸውን መኪና የያዘው ከሆሳዕና መናኸሪያ ነው። እኔ በዚያች ጠዋት እዚያው መናኸሪያ የዱራሜ እንግዶችን ልቀበል ቆሜ ነበር። አላየሁትም። እሱ አይቶኝ ይሆን አይሆን አላውቅም፤ ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ትርፊት ወንበር አወጣችልኝ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። የጠየቅኳትን ብቻ መለሰች። ከጥቅምት ጀምሮ እሁድ እሁድ ጠዋት ታጥቦ ኮቱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ይቀመጥ ነበር አለች። ከቤታቸው ዝማሬው ይሰማል፤ ዝማሬው እስኪያልቅ ጠብቆ ከዚያ ኮቱን ያወልቃል። "ራስህ ሂድ" ብትለው፣ "መጥተን እንወስድሃለን ብለው ነግረውኛል፣ ካልመጡ አልተስማሙብኝም ማለት ነው፤ ሳይፈቅዱልኝ ብገባ ያሳፍሩኛል" ይላታል። ያን ማክሰኞ መንገድ ላይ ባገኘሁት ቀን ማታ ቤት ገብቶ "ሆሴዕን አገኘሁት፣ ምንም አላለኝም" ብሏታል። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ፈረሱ መሸጥ ማውራት የጀመረው።

እሱ እኛን ሲጠብቅ እኛ እሱን ስንጠብቅ ነው የሄደው። ምን እንደምልዎ አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሆሴዕ

---

ሾኔ፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሆሴዕ ልጄ፣

ሦስት ጊዜ ጽፈህ ሦስቱንም ሳልመልስ ቆየሁ። ያመመኝ መስሎህ ራሄልን በስልክ ጠይቀሃታል። አላመመኝም። ልጽፍልህ እቀመጥና የሚመጣልኝ ስድብ ብቻ ይሆናል፤ ስድቡን ደግሞ ደጋግሜ ሳየው ግማሹ የራሴ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ያኔ አንድ ወር ይበቃዋል ብለው ነበር። አጭር ቅጣት ይናቃል ብዬ ሦስት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ወደ ሾኔ ስመጣም በእኔ ቦታ ማን እንደሚሄድ ሰይሜ መምጣት ነበረብኝ። አልሰየምኩም። ለምን መሰለህ? ያለ ዋለ አይሆንም መባሉ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ያለ ዋለ አልሆነም፤ ደስ ይበለኝ እንግዲህ።

ከኮንፈረንሱ ማግስት መሄድህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ይህን አንዴ ብያለሁ፣ ሁለተኛ አልልህም። ይቅርታ ስለጠየቅኸኝ፣ የበደልከው እኔን አይደለም። ደብዳቤህን በይቅርታ መሙላት ተውና ወደ ትርፊት ሂድ። ሄደህ አታስረዳ፤ እንዲህ ስለሆነ ነው፣ እንዲያ ስለሆነ ነው አትበል። ቁጭ በል። ከዳኘ ወሬ ካላት ትነግርሃለች፤ ከሌላት ሳታወሩ ተቀምጠህ ተመለስ። በሌላ ሳምንት ደግሞ ሂድ።

እኔ እዚህ ሆኜ እጸልያለሁ። በሃዲይኛ ሞክሬው ነበር፤ ለካ ለረጅም ዘመን በአማርኛ ብቻ ስጸልይ ኖሬ ለጌታ የምለው ጠፋብኝ።

ዋለ

---

ሆሳዕና፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ጋሼ ዋለ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዳኘ በሕይወት አለ። ሌላውን ሁሉ ከዚህ በኋላ ልጻፍ።

ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። መንገድ ላይ ታስሮ እንደነበረ ትርፊት ሰምታለች፤ የት እንደነበረና ምን እንደደረሰበት ግን አልነገራትም። አሁን የአጎቱ ልጅ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። በከተማው ያሉ የሃዲያና የከምባታ ልጆች ጋራዥ ተከራይተው እሁድ እሁድ የሚያመልኩበት ኅብረት አላቸው፤ በዚያ ይካፈላል። የጌታን እራት ሊወስድ ሲል ግን ከአጥቢያህ መሸኛ አምጣ አሉት። እኛም ከሌላ አገር የሚመጣ ምእመን ከአጥቢያው የመሸኛ ደብዳቤ ይዞ ካልመጣ አንቀበልም፤ ሥርዓቱን ያስተማርናቸው እኛው ነን። እሱም ሳይጠየቅ እንደታገደ ራሱ ነግሯቸዋል።

ይህን ለመናገር ትርፊት ባለፈው ረቡዕ ቢሮ ድረስ መጣች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። በሩ ላይ ቆማ ነግራኝ ሄደች።

ጉዳዩን ለሽማግሌዎች አቀረብኩ። የታገደ ሰው መሸኛ አይጻፍለትም አሉ። እንግዲያው እገዳውን እናንሣለት አልኩ። ሰውየው በአካል ተገኝቶ እጁ ተይዞ ካልመጣ እገዳ አይነሣም አሉ። ማቲዎስ እንኳ ይህን ሲናገር ቀና ብሎ አላየኝም። ዳኘ እዚያ የጌታ እራት ሲቆረስ ከጋራዡ ወጥቶ ደጅ ይቆማል፤ እኛ ደግሞ እዚህ ቃለ ጉባኤ እንጽፋለን።

ምን ላድርግ?

ልጅዎ፣
ሆሴዕ

---

ሾኔ፣ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሆሴዕ ልጄ፣

ዳኘ በሕይወት አለ የሚለውን ሳነብ ራሄልን ጠርቼ እሷም እንድታነበው አደረግኩ፤ ዓይኔም ጆሮዬን የተከተለ መስሎኝ ነበር። ጌታ ይመስገን።

ሽማግሌዎቹ ያሉት የሽማግሌ ሥራ አይደለም፣ የኬላ ፈታሽ ሥራ ነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። መሸኛው እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

"በስደት ላላችሁ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን። ይህ ሰው ዳኘ የአጥቢያችን ምእመን ነው። በአባቱ ለቅሶ ላይ በድሎ፣ በደሉን ሳይክድ ቅጣቱን እስከ መጨረሻው ቀን ከኋለኛው ወንበር ላይ ፈጽሟል። ከዚያ በኋላ ሄደን እጁን ይዘን ልናመጣው ይገባን ነበር። አልሄድንም። እገዳው እስካሁን ያልተነሣው በእሱ ጥፋት ሳይሆን በእኛ ነው። እሱ በእምነቱ እንዲያድግ ከእኛ የሚፈልገው ብዙ አልነበረም፤ ያንኑም አላደረግንለትም። ስለዚህ እኛ የተውነውን እናንተ እንድትፈጽሙት እንለምናችኋለን። ሚስቱ ትርፊት እዚህ አለች፤ እሷንም በድለናል።"

ሽማግሌዎቹ ማኅተም ከከለከሉ ያለ ማኅተም ላከው። ከሥሩ ውሳኔውን የነገርነው ሁለታችን እንፈርምበታለን። የእኔን ፊርማ በዚህ ወረቀት ጀርባ አድርጌዋለሁ፤ እጄም ስላረጀ የደብተራ ክታብ መስሏል፣ አትሳቅ።

ዋለ

---

ሆሳዕና፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ጋሼ ዋለ፣

እንዴት ከረሙ? ክረምቱ አልፎም ጉልበትዎ ስላልተሻለዎ አቢጋኤልም እኔም አዝነናል። ስለ መሸኛው ምንም አልሰማሁም እያልኩ በየደብዳቤው ስጽፍልዎ ቆይቻለሁ። ያለ ማኅተም፣ በእርስዎና በእኔ ፊርማ፣ በስልክ ፎቶ አንሥተን መላካችንን ያውቃሉ። መልስ መጥቶ ኖሯል። ትርፊት ክረምቱን ሙሉ ይዛው ቆየች። እንዳዘዙኝ በየሳምንቱ እየሄድኩ ስቀመጥ፣ ወንበር እያወጣችልኝ፣ ስለ ገብሱ እያወራን፣ አልነገረችኝም። ባለፈው ዓርብ ነው የነገረችኝ፤ ለምን አሁን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የኅብረቱ መሪ መሸኛውን በጉባኤው ፊት አንብቦታል። አንዳንዶች እንዲህ ያለ መሸኛ አይተን አናውቅም ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ ዳኘን ና ወደ ፊት አሉት። አልተነሣም። "እኔ በራሴ አልመጣም፣ እጄን ይዛችሁ ውሰዱኝ፤ በአገሬ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው" አላቸው። ሁለት ሰዎች ከፊት ተነሥተው ወደ ኋላ ሄዱ። ሱቅ ጠባቂዎች ናቸው፤ አንዱ ከእኛው አገር ከቦኖሻ የሄደ ልጅ ነው። ግራና ቀኝ ይዘው አመጡት። ጋራዡ ትንሽ ስለሆነ መንገዱ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ዳኘ ግን ያንን ሲነግራት ስልኩ ላይ አልቅሷል። ጋሼ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች የቀለለው ነገር ለምን ለእኔ እንዲህ ከበደኝ?

ትርፊትን ለእሁድ አብረን እንሂድ ብላት "እስቲ" አለች። እሁድ ጠዋት ከአቢጋኤል ጋር ልንወስዳት ሄድን። ከቤቱ ጓሮ ብቻዋን እንሰት ስትፍቅ አገኘናት። በእሁድ። ዳኘ ከሄደ ወዲህ በአዘቦት ቀን የሰው እርሻ ላይ ትውላለች፤ ለራሷ የሚተርፋት እሁድ ብቻ ነው። እንሰት በደቦ የሚፋቅ ሆኖ ሳለ ጎረቤቶቿ የእኛው ምእመናን ስለሆኑ እሁድ የሚያግዛት የለም፤ በሌላ ቀንም የጠየቃት የለም።

"እንደምታዩት ነው፣ ዛሬ አልችልም" አለች። እኔ ደንግጬ ቆምኩ። አቢጋኤል ነጠላዋን አጥፋ አጥሩ ላይ አደረገች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ከጎኗ ተቀምጣ መፋቂያ አምጪ አለቻት። ትርፊት የቀርከሃ መፋቂያ አቀበለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እንሰት በሚፋቅበት ወንድ አይቆምም፣ አንተ ሂድ" አለችኝ። የሳቀች መሰለኝ። ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ ሰው ሁሉ ወደ አምልኮ እያለፈ ነበር፤ ሁሉም አይቷቸዋል።

አቢጋኤል ማታ ስትገባ ልብሷ ሁሉ እንሰት እንሰት ይሸት ነበር። "ብዙ አወራን፣ ለአንተ ግን አልነግርህም" አለችኝ።

ሽማግሌዎች ለረቡዕ ጠርተውኛል። የአገልጋይ ሚስት በጌታ ቀን ስትሠራ በአደባባይ ታይታለች፣ ለብዙዎች መሰናክል ሆናለች፤ የሦስት ወር እገዳ ይወሰንባት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ ባሏ ስለሆንኩ ልከራከርላት ያስቸግረኛል። ምን ልበላቸው?

ልጅዎ፣
ሆሴዕ

---

ሾኔ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሆሴዕ ልጄ፣

ረቡዕ ሳያልፍ እንዲደርስህ በማለዳው ሚኒባስ ነው የላክሁት። አቢጋኤልን ሳምልኝ፤ ዘንድሮ በአጥቢያችን ምእመን ያነጸ ሰው ቢኖር እሷ ናት፣ እሷም ከማነጽ ክፍሉ አይደለችም።

ለምን ለእኔ ከበደኝ ብለሃል። ለእኔም ከብዶኝ ስለነበር መልሱን አላውቀውም። እኔ ወደ ዳኘ የምሄድበት ጉልበት ከእንግዲህ የለኝም፣ እሱም የሚመጣ አይመስለኝም። ይህንን ይዤ ነው የምሞተው።

ሽማግሌዎቹን አትከራከራቸው። ሥርዓት ነውና ይቅጧት። ግን ውሳኔውን ከመጻፋቸው በፊት፣ ጊዜዋ ሲያልቅ ቤቷ ሄደው እጇን ይዘው የሚያመጧት ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በስማቸው ይጻፉ። አንዱ ቢታመም፣ አንዱ ቢሞት፣ አንዱ ሾኔ ቢሄድ ማን እንደሚተካውም ይጻፉ። የሚጽፉት ስም ካጡ ግን ይተዉአት። አንድ ዳኘ ይበቃናል።

ዋለ